ሚሳኤል ይተኮሳል ወይስ ይወነጨፋል?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር እንደምን አሉ? እዚሁ ሀዋሳ ነኝ። ስለ ድሮ ባህር ኃይሎች የሚሳኤል ልምምድ ትንሽ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ "መርከቧ ሚሳኤል ተኮሰች" ብዬ ብጽፍ ጓደኛዬ "አስወነጨፈች ነው የሚባለው" ብሎ ሰረዘብኝ። ማናችን ነን ልክ? ደሞ "መርከቦቹን አዘመነ" ያስኬዳል?

መልስ፦ ወንድሜ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ጓደኛህ ግን እስክሪብቶ ማንሳት አልነበረበትም።

ተኮሰ ውስጡ ሙቀት አለ፣ ትኩስ የምንለውም ዘመዱ ነው። እኔ ሰፈር በከሰል ካውያ የሚሠራ ልጅ በሩ ላይ በካርቶን "ልብስ እንተኩሳለን" ብሎ ለጥፏል፣ እስካሁን ደንግጦ የሮጠ ሰው አላየሁም። ሚሳኤልም በእሳት ነው የሚነሳው፣ ስለዚህ ተኮሰች ብትል ምንም አላጠፋህም።

አስወነጨፈ ግን ደስ የሚል ነገር አለው። ማማ ላይ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ድንጋዩን "ወነጨፈ" ነው የሚባለው፣ ጉልበቱ የራሱ የክንዱ ነዋ፣ ድንጋዩማ ከወንጭፉ አንዴ ከወጣ በኋላ ወፏ ዞር ብትል ተከትሏት አይዞርም። ሚሳኤል የራሱ ሞተር አለው፣ ዒላማውንም እየተከታተለ የሚሄድ አለ፣ ሰውየው በተን ተጫነ እንጂ አልወረወረም፤ ለዛ ነው "አስ" የገባችበት፣ ሮጠ ብለን አስሮጠ እንደምንለው። ማንም ቁጭ ብሎ ያሰበበት አይመስለኝም፣ ግን እንዴት ገጠመ በናትህ!

እንግዲህ መድፍና ሚሳኤል አንድ አንቀጽ ውስጥ ከገቡብህ ለመድፉ ተኮሰ ለሚሳኤሉ አስወነጨፈ በል፣ አንባቢ አይምታታበትም። ልምምድ ሲሆን "ወደ ዒላማ አስወነጨፈች" ይበቃል። ጠላት ላይ ሲሆን "ባት"ን አትርሳ፦ በ1967 እ.ኤ.አ. የግብጽ ኮማር ጀልባዎች ከፖርት ሳይድ ሆነው የእስራኤሏ መርከብ ኤላት ላይ ስቲክስ ሚሳኤል አስወነጨፉባት፣ ሰጠመች። "መርከቧን ተኮሷት" ካልክ ግን ያው ካውያው መጣ።

አዘመነ ያስኬዳል፣ ከዘመን ነው። ብቻ "መርከቦቹን አዘመነ" ማለት ባሉት መርከቦች ላይ አዲስ ነገር ተገጠመ ማለት ነው፣ አዲስ ከመጣ "ባህር ኃይሉን አዘመነ" ነው የሚሻለው። የኛን እይ፣ በ1962 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ የተረከብናትና "ኢትዮጵያ" የተባለችው መርከብ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠራች ናት፣ በደርግ ጊዜ ደሞ አራት አራት ሚሳኤል የሚሸከሙት ኦሳ ጀልባዎች ከሶቭየት መጡ። ባህር ኃይሉ ዘመነ እንጂ አሮጊቷማ ያው አሮጊት ነበረች።

ስላልጠየቅከኝ አጻጻፍም አንድ ነገር ልበልና፣ እኔ ሚሳኤል ብዬ ነው የምጽፈው። አንድ የጎረቤቴ አባት ግን "የአናንያና የአዛርያን ወንድም ስም ለመሣሪያ ትሰጣለህ?" ብለው ተቆጥተውኛል፣ እሳቸው ፊት ሚሳይል ነው የምለው።