መቅደሱ ለምን ይጨልማል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በአጥቢያችን የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ አባል ነኝ። ወጣቶቹ ለአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሰፋፊ መስኮትና እስከ መቅደሱ ደማቅ መብራት ይግባ ይላሉ። አባቶች ደግሞ አይሆንም አሉ። ጨለማ የሰይጣን አይደለም ወይ? መብራት ካለስ ጧፍ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥያቄሽ የብዙዎች ጥያቄ ነው። እግዚአብሔር ብርሃን ነው፤ በእርሱ ዘንድ ጨለማ የለም (1ኛ ዮሐ. 1፥5)። የኃጢአትን ጨለማ እንሸሻለን። መጽሐፍ ግን ሌላም ጨለማ ያውቃል። በሲና ሕዝቡ ርቆ ቆመ፤ ሙሴ እግዚአብሔር ወዳለበት ድቅድቅ ጨለማ ቀረበ (ዘፀ. 20፥21)። ሰሎሞንም ቤተ መቅደሱን ሲመርቅ፣ እግዚአብሔር በጨለማ ሊኖር እንደ ወደደ ተናግሯል (1ኛ ነገ. 8፥12)። ጳውሎስ ደግሞ ማንም ሊቀርበው በማይችል ብርሃን ይኖራል ይላል (1ኛ ጢሞ. 6፥16)። ቃላቸው አይጋጭም። ፀሐይን ትኩር ብለሽ ብታዪ ዓይንሽ ይጨልማል፤ ጉድለቱ የፀሐይዋ አይደለም።

አባቶቻችን ይህን በድንጋይ ሠርተውታል። ላሊበላ ሄደሽ ከሆነ ቤተ ጊዮርጊስን አስቢው። የታችኞቹ 9 መስኮቶች ቅርጽ ብቻ ናቸው፣ አይከፈቱም። ብርሃን የሚገባው በላይኞቹ 12 መስኮቶች ነው። እዚያ የቆመ ሰው ብርሃን ፍለጋ ሽቅብ ያያል። እኔ ይህን ሳስብ ሁሌ ልቤ ይነካል። ከውጩ ክፍል ከቅኔ ማኅሌት ወደ መካከለኛው ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ ውስጠኛው ወደ መቅደስ ሲገባም እንደዚያው ነው። ብርሃኑ እየቀነሰ ይሄድና መጋረጃው ይዘጋዋል። መጋረጃው የሚሰውረው ነገር ክፉ ስለሆነ አይደለም። ቅዱስ ስለሆነ ነው።

ጧፍን በተመለከተ፣ አምፖል የምናበራው እንድናይበት ነው። ጧፍ ግን መባ ነው። ወንጌል ሲነበብ በጠራራ ፀሐይም ይበራል፤ ለማንበብ ቢሆን ማን ይፈልገው ነበር? ሰሙ እየቀለጠ ያልቃል፣ አንቺም ከገንዘብሽ ሰጥተሽዋል። ይህን አምፖል አይተካውም።

ወጣቶቹንም አትቆጧቸው። ቅኔ ማኅሌት በቂ መብራት ያስፈልገዋል። ሊቃውንቱ መጽሐፍ ያነባሉ፣ አረጋውያን ደረጃ ይወጣሉ። እኔን የሚከብደኝ በሥዕለ አድኅኖ ዙሪያ የሚጠቀለለው ብልጭ ድርግም የሚል ባለ ቀለም መብራት ነው። ዓይን ከሥዕሉ ይልቅ ብልጭታውን ይከተላል፤ ጸሎት ይበተናል። እባካችሁ እሱ ይቅር።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን አንድ ነገር ለምኑልኝ። የቅኔ ማኅሌቱ፣ የቅድስቱና የመቅደሱ ማብሪያ ማጥፊያ ለየብቻ ይሁን። በትንሣኤ ሌሊት የውስጡን መብራት ሁሉ አጥፍታችሁ በጧፍ ብቻ ቁሙ። ወጣቶቹም ከፊት ይቁሙ።