የሁላችን ልብ አንድ ነውን?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ እኔ አዘዞ ነኝ፣ እናቴ ደባርቅ ናት። ገና ሳስባት ስልኬ ይጠራል። ሲያማት ሳትነግረኝ ሆዴ ይረበሻል። በቅርቡ ደግሞ ‹የሰው ሁሉ ኅሊና አንድ ባሕር ነው፣ እኛ ጠብታዎቹ ነን› የሚል ነገር ሰማሁ። ይህ ከእምነታችን ጋር ይስማማል?»

መልስ፦ አይስማማም፣ እኅቴ።

ነፍስ ለባዊት (የምታስብ)፣ ነባቢት (የምትናገር)፣ ሕያዊት (የማትሞት) መሆኗን ታውቂያለሽና አልደግመውም። ብዙ ሰው የሚስተው ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው። በልብ፣ በቃልና በእስትንፋስ አንድ መሆን የሥላሴ ብቻ ነው። አብ ልባቸው፣ ወልድ ቃላቸው፣ መንፈስ ቅዱስ እስትንፋሳቸው ነው። የጎንደሩን ደብረ ብርሃን ሥላሴን ስትሳለሚ ከስቅለቱ በላይ የተሣሉትን ሦስቱን አካላት እይ፤ ሠዓሊው አንዱን ከሌላው በመልክ አልለየም። ጴጥሮስ፣ ጳውሎስና ዮሐንስ ግን ሰው በመሆን አንድ ሆነው ሦስት ልብ አላቸው። ጴጥሮስ በልቡ ያሰበውን ጳውሎስ አያውቀውም። እንግዲህ «ሁላችን አንድ ልብ ነን» ያለ ሰው የፈጣሪ ብቻ የሆነውን ለፍጡር ሰጠ። ደግሞስ ጠብታ ባሕር ከገባ ማን ለይቶ ያገኘዋል? በሕዝቅኤል 18፥20 «ኃጢአት የምትሠራ ነፍስ እርስዋ ትሞታለች» የተባለው እያንዳንዷ ነፍስ ለብቻዋ ስለምትጠየቅ ነው።

«ታዲያ ነቢዩ ኤልሳዕ የአገልጋዩን የግያዝን ሥራ በሩቅ እንዴት አወቀ?» ትዪኝ ይሆናል። ግያዝ ኤልሳዕ ከለምጽ ከፈወሰው ከንዕማን በስውር ብርና ልብስ ሲቀበል «ልቤ ከአንተ ጋር አልሄደምን?» ብሎታል (2ኛ ነገሥት 5፥26)። ነገር ግን አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ተመለሺ። የሱነም አገር ሴት፣ ሱነማይቱ፣ ልጇ ሞቶባት እግሩን ስትይዘው ያው ኤልሳዕ ምን እንደ ደረሰባት አላወቀም፤ እግዚአብሔር ከእኔ ሰወረው፣ አልነገረኝም አለ (4፥27)። ልቡ በባሕርዩ ከሰው ልብ ጋር የተያያዘ ቢሆን ኖሮ ያንን ሁሉ ኀዘን እግሩ ሥር ተደፍታ ሳለች እንዴት ያጣዋል? ሲገለጥለት ያውቃል፣ ሳይገለጥለት አያውቅም።

የእናትሽን ስልክ በተመለከተ፣ እናቱን የሚወድ ሰው በቀን ስንት ጊዜ ያስባታል! ካሰብሻት በኋላ ያልደወለችበትን ጊዜ ግን ማንም አይቆጥረውም። አንዳንዴ እግዚአብሔር እንድትጸልዪላት ሊያሳስብሽም ይችላል፤ ይህን አልክድም። ስለዚህ በድንገት ትዝ ስትልሽ አማትቢ፣ በክርስትና ስሟ ጠርተሽ አንድ «አባታችን ሆይ» ድገሚላት፣ ከዚያ ደውዪ። ደኅና ከሆነች ተመስገን በዪ። ታማም ከሆነ «ታውቆኝ ነበር» ማለት ይቅርብሽ፤ ይህ ቃል ሲደጋገም ሰውን ሕልም ፈቺና ጠንቋይ ዘንድ ያደርሳል። ጭንቀቱ እየደጋገመ እንቅልፍ ከነሣሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ።

ደጋግሜ ያየሁት ጉዳት ግን ሌላ ነው። «ልቧ ያውቃል» እያለ እናቱን ዓመት ሙሉ ሳይጠይቅ የሚቀር አለ። ክፉ ሐሳብ ሲመጣበት «የእገሌ ሐሳብ ተላልፎብኝ ነው» ብሎ ንስሐውን የሚያስቀርም አለ። ሐሳቡ ከየትም ይምጣ፣ እሺ ብሎ ያስተናገደው የራሱ ልብ ነውና የሚናዘዘውም እርሱ ነው።

አንድነት የለንም ማለቴ አይደለም። በቅዳሴ ካህኑ «ሀበነ ንኅበር በዘዚአከ መንፈስ ቅዱስ» ሲል ተከትለሽ ትያለሽ፤ በመንፈስ ቅዱስህ አንድ እንድንሆን ስጠን ማለት ነው። በተፈጥሮ ያለንን «ስጠን» ብለን አንለምንም። ይህ አንድነት ከሥጋ ወደሙ የሚገኝ ነው፤ ሲገኝም ሰው ራሱ እንደሆነ ይኖራል። የሐዋርያት ሥራ 4፥32 ምእመናኑ «አንድ ልብ» ነበሩ ይላል፤ ወዲያው ስለ ገንዘባቸው ይነግረናል። አንድ ልብነታቸው የታየው መሬታቸውን ሸጠው ለችግረኛው በማካፈላቸው ነው።

ነፍስ ነባቢት የሆነችው፣ ቃልም የተሰጠን፣ ልባችን ለሌላው ዝግ ስለሆነ ነው። ዛሬ ማታ ለእናትሽ ደውዪና የት የት እንደሚያማት ጠይቂያት፤ በአፏ ትንገርሽ።