የሕግ ምክር፦ ባለ ሱፐርቻርጀር ሞተር በአሮጌ ኮሮላ ላይ፣ በግቢ ውስጥ፣ በካሊፎርኒያ

ጥያቄ፦ የምኖረው በካሊፎርኒያ ስቴት፣ በሳክራሜንቶ ካውንቲ፣ ከከተማው አስተዳደር ክልል ውጪ በሚገኝ የኪራይ ቤት ነው። የ1987 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ኤፍ ኤክስ 16 አለኝ። ሞተሩ ስለደከመ፣ ከጃፓን ከሚያስመጣ ነጋዴ ዘንድ ያየሁትን ባለ ሱፐርቻርጀር (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ያለው) ፎር ኤ ጂ ዜድ ኢ ሞተር በግቢዬ ልገጥምበት አስቤያለሁ። መካኒክ የሆነው የአክስቴ ልጅ ይሠራልኛል፤ የድካሙን እከፍለዋለሁ። ሻጩ በደረሰኙ ላይ «ለውድድር ብቻ» ብዬ ስለምጽፍልህ ችግር የለውም ብሎኛል። ይህ ትክክል ነው? መኪናውን በኋላ መሸጥ ብፈልግስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቀብድ አልሰጡ እንደሆነ ይህን አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ እንዳይሰጡ እለምንዎታለሁ። የመኪና ሞተር መቀየር በካሊፎርኒያ ስቴት ሕግ በራሱ የተከለከለ አይደለም፤ ባለቤቱ በገዛ እጁ ስለቀየረውም ብቻ ጥፋተኛ አይባልም። ሕጉ አጥብቆ የሚጠይቀው ሞተሩን ማን ገጠመው የሚለውን ሳይሆን ሞተሩ ከየት መጣ፣ ከምን ጋር መጣ የሚለውን ነው። ካውንቲዎ ግን ስለ ቦታው የራሱ ደንብ ስላለው በኋላ እመለስበታለሁ።

የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ፣ በተሽከርካሪ ላይ የተገጠመን የጭስ መቆጣጠሪያ መሣሪያ ማንም ሰው እንዳያነሳና ከአገልግሎት ውጪ እንዳያደርግ ይከለክላል። ካሊፎርኒያ በዚህ ላይ የራሷን ዝርዝር ጨምራለች። የሚገባው ሞተር ከመኪናው ሞዴል ዓመት ጋር እኩል ወይም ከእሱ አዲስ መሆን አለበት፤ ከተመሳሳይ የተሽከርካሪ ዓይነት የወጣ መሆን አለበት፤ መኪናው መጀመሪያ ለካሊፎርኒያ ገበያ ተፈትኖ የተፈቀደ ከሆነ ሞተሩም እንዲሁ ለካሊፎርኒያ የተፈቀደ መሆን አለበት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሞተሩ በመጀመሪያው መኪና ላይ ሳለ የነበሩት የጭስ መቆጣጠሪያዎች፣ ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር፣ የኦክስጅን ሴንሰሩ፣ የቤንዚን ትነት የሚይዘው የከሰል ጣሳና የሞተሩ ኮምፒውተር ጭምር፣ አንድም ሳይጎድል አብረውት መምጣት አለባቸው።

እዚህ ላይ ዕድለኛ ነዎት ለማለት እደፍራለሁ። ያሰቡት የሞተር ዓይነት በአሜሪካ ገበያ ላይ ያልታየ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቶዮታ በ1988 እና በ1989 ሞዴል ኤም አር 2 ሱፐርቻርጅድ በሚባለው ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና ላይ፣ በ145 የፈረስ ጉልበት፣ እዚሁ ሸጦታል። የእርስዎ መኪና የ1987 ስለሆነ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከተሸጠ የ1988 ወይም የ1989 ኤም አር 2 የወጣ ሞተር በዓመትም በተሽከርካሪ ዓይነትም የመጀመሪያውን በር ያልፋል። (በነገራችን ላይ ኤፍ ኤክስ የተሠራው ፍሪሞንት ውስጥ፣ ቶዮታና ጄኔራል ሞተርስ በጋራ ያንቀሳቅሱት በነበረውና ዛሬ ቴስላ በሚሠራበት ፋብሪካ ነው፤ የካሊፎርኒያ ተወላጅ ለሆነ መኪና የካሊፎርኒያ ሞተር መፈለግ ነውር የለበትም።)

ከጃፓን የመጣው ሞተር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስሙ አንድ ቢሆንም ቶዮታ ለአገሩ ገበያ የመጭመቂያ መጠናቸውና ኮምፒውተራቸው የተለየ ዓይነቶችን ሠርቷል። ፈቃዱ የተሰጠው ደግሞ ለብረቱ ብቻ ሳይሆን ለብረቱ፣ ለኮምፒውተሩና ለጭስ መቆጣጠሪያዎቹ በአንድነት ነው። የጃፓኑ ሞተር የካሊፎርኒያ ፈቃድ ስለሌለው፣ ከጭስ ጋር በተያያዘ በሁሉም ረገድ እዚህ ከተፈቀደው ጋር አንድ መሆኑን የማስረዳት ሸክም በእርስዎ ላይ ይወድቃል። ይህን ሸክም ለመሸከም ከመነሳት ከተጋጨ ወይም ከተጣለ ኤም አር 2 ላይ ሞተሩን መፈለግ፣ ዋጋው ቢበልጥ እንኳ፣ ይሻላል ባይ ነኝ። ሲያገኙም የዚያን መኪና የሻሲ ቁጥርና የሞተር ክፍሉ መክደኛ ላይ የተለጠፈውን የጭስ መቆጣጠሪያ መግለጫ ወረቀት ፎቶ ሳያነሱ፣ በደረሰኙም ላይ የሻሲ ቁጥሩን ሳያስጽፉ አይመለሱ።

«ለውድድር ብቻ» የሚለው ጽሑፍ ለእርስዎ የሚያስገኘው ጥቅም የለም። መኪናዎ ታርጋ ያለው፣ በሕዝብ መንገድ ላይ የሚነዳ ተሽከርካሪ ነው፤ የደረሰኝ ቃል ይህን አይለውጠውም። የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ሕግ አንቀጽ 27156 የጭስ መቆጣጠሪያው የተነካካ መኪናን መንዳት የሚከለክል በመሆኑ ቲኬቱን የሚቀበለው መሪውን የያዘው ሰው እንጂ ደረሰኝ የጻፈው ነጋዴ አይደለም። የዚያው አንቀጽ ሌላ ገጽታ ግን ሊጠቅምዎ ይችላል፦ የስቴቱ የአየር ሀብት ቦርድ መርምሮ የፈቀዳቸው ተጨማሪ ዕቃዎች የፈቃድ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ነባሩን ሞተር አድሰው ሱፐርቻርጀር ብቻ ሊጨምሩበት ከፈለጉ፣ የመኪናዎ ዓመትና ሞዴል በስም የተጠቀሰበት የፈቃድ ቁጥር ያለው ዕቃ መሆኑን ያረጋግጡ። ቁጥሩ ለሌላ መኪና ከተሰጠ ለእርስዎ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።

መኪናዎ አሥራ ሁለት ዓመት ቀድሞ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ብዙው ነገር በቀለለ ነበር፤ ከየሁለት ዓመቱ የስሞግ (የመኪና ጭስ) ምርመራ ነፃ የሆኑት የ1975 እና ከዚያ በፊት የተሠሩ የቤንዚን መኪናዎች ናቸውና። የእርስዎ ግን መመርመሩ አይቀርም። መርማሪው ኮፈኑን ከፍቶ ሲያይ፣ የኮሮላ ሞተር በሚጠብቅበት ቦታ በቺንጋ የሚዞር ሱፐርቻርጀር ከነኤሌክትሪክ ክላቹ ተቀምጦ ያገኘዋል። ከዚህ በኋላ ጭሱ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን እንደ ተራ መኪና አያሳልፍዎትም፤ ወደ ስሞግ ሬፈሪ ይልክዎታል። ሬፈሪ ማለት በአውቶሞቲቭ ጥገና ቢሮ ሥር እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን የሚዳኝ መርማሪ ነው። ባትሪና መስታወት ይዞ ቱቦ በቱቦ እየተከተለ ሞተሩን ከመጣበት መኪና ዝርዝር ጋር ያመሳክራል። አንዲት የተቆረጠች የቫኪዩም ቱቦ በብሎን ተደፍና ካገኘ መልሶ ይሰድድዎታል። ሁሉም ከተሟላ ግን በመኪናው ላይ ልዩ መለያ ይለጥፍበታል፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውም የስሞግ ጣቢያ መኪናዎን በአዲሱ ሞተር ማንነት ይመረምረዋል። ለሬፈሪ ቀጠሮ የሚያዘው ከተገጠመ በኋላ ቢሆንም፣ የሚጠየቀውን ከመግዛትዎ በፊት ደውለው ቢያጣሩ ብዙ ገንዘብ ይተርፍዎታል።

አሁን ወደ ግቢዎ ልመለስ። የሳክራሜንቶ ካውንቲ የቦታ አጠቃቀም ደንብ በመኖሪያ ሰፈር ቀላል ጥገናን እንጂ ከባድ ጥገናን አይፈቅድም። ቀላሉም ቢሆን በተለምዶ በመኖሪያ ቤት በማይገኝ መሣሪያ ሲሠራ፣ በቤቱ በማይኖር ሰው ስም በተመዘገበ መኪና ላይ ሲሠራ፣ ወይም ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ጋራዥ ውጪ ተሠርቶ መኪናው ከ24 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀስ ሲቀር የተከለከለ ነው። ሞተር አውጥቶ ሌላ ማስገባት ቀላል ጥገና ነው ብዬ ልከራከርልዎ ብሞክር፣ ግቢ መሐል የቆመው የሞተር ማንሻ ክሬን ይመሰክርብኛል። ጎረቤት አቤት ካለ የካውንቲው ደንብ አስከባሪ ይመጣል፤ ተከራይ በመሆንዎ ደግሞ ማስጠንቀቂያው ለአከራይዎም ስለሚደርስ የኪራይ ውሉን ጉዳይ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ሥራው ለዚሁ በተፈቀደ ቦታ እንዲሠራ እመክራለሁ። የትም ይሠራ የት ግን፣ የኤር ኮንዲሽኑን ቱቦ ፈትቶ ጋዙን ወደ አየር መልቀቅ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ በመሆኑ አስቀድሞ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ይቀዳ። የተቃጠለ ዘይትም ካሊፎርኒያ ውስጥ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ስለሚቆጠር ወደ መሰብሰቢያ ጣቢያ ይወሰድ።

የአክስትዎን ልጅ በተመለከተ የምለው ለእሱ እንጂ ለእርስዎ አይደለም ቢባል ይቀላል። በካሊፎርኒያ በክፍያ መኪና የሚጠግን ሰው በአውቶሞቲቭ ጥገና ቢሮ መመዝገብ አለበት። ሳይመዘገብ የሠራ ሰው የድካሙን ዋጋ በፍርድ ቤት መጠየቅም ሆነ ክፍያው እስኪፈጸም መኪናውን መያዝ አይችልም። በዘመድ መካከል ይህ አይደርስም እንላለን፤ ነገር ግን በቢሮዬ ያየኋቸው ጠቦች አብዛኞቹ የተነሱት «በእኛ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል» ከተባለ በኋላ ነው።

ለኢንሹራንስ ድርጅትዎም የሞተሩን መቀየር በጽሑፍ ያሳውቁ። የካሊፎርኒያ የኢንሹራንስ ሕግ አንቀጽ 331፣ መገለጽ የነበረበት ጉዳይ ከተደበቀ፣ ባለማወቅም ቢሆን፣ ሌላው ወገን ውሉን እንዲሰርዝ መብት ይሰጠዋል። ከ2025 መባቻ ጀምሮ ስቴቱ የሚጠይቀው ዝቅተኛ የኃላፊነት ሽፋን ለአንድ ሰው ጉዳት 30,000፣ በአንድ አደጋ ለሚጎዱ ሁሉ 60,000፣ ለንብረት 15,000 ዶላር ነው። ሽፋኑ ከተሰረዘ ግን ያደረሱት ጉዳት በሙሉ ከኪስዎ ይወጣል።

ሽያጩን ስለጠየቁኝ፦ መኪናው ባለቤት ሲቀይር የስሞግ ማረጋገጫ የማቅረብ ግዴታ ያለበት ሻጩ ነው፤ ማረጋገጫውም የሚያገለግለው ለ90 ቀናት ነው። «እንዳለ ነው የሸጥኩት» የሚል ወረቀት ማስፈረም ከዚህ ግዴታ ነፃ አያወጣዎትም። በወላጅና በልጅ፣ በባልና በሚስት፣ በወንድማማቾች መካከል የሚደረግ ዝውውር ከዚህ ምርመራ ነፃ ቢሆንም፣ የየሁለት ዓመቱ ተራ ሲደርስ ወንድምዎ ያው ኮፈን ስለሚከፈትበት ችግሩን አሸከሙት እንጂ አላራቁትም። ካልሆነ አዲስ አበባ ልልከው ብለው እንዳያስቡም፣ ኢትዮጵያ በራሷ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚን የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች።