ለኮምቦልቻዋ እህታችን፦ ዕቃውን በኪሎ ከመስጠትሽ በፊት

እህቴ፣ አስቀድሜ ለአባትሽ አላህ ይዘንላቸው፣ ለእናንተም ጽናቱን ይስጣችሁ። የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አባትሽ ኮምቦልቻ ላይ ጋራዥ እንደነበራቸው፣ መጋዘኑ በድሮ የቮልስ፣ የፊያትና የላንድሮቨር ዕቃ እንደተሞላ፣ ቤቱን ልታከራዩ ስትሉ ቁራሌ መጥቶ ሁሉንም በኪሎ እንደተመነው ነግረሽናል። አንቺ በቴሌግራም ብሸጠውስ ብለሻል፤ ችግሩ የአንዱንም ዕቃ ስም አታውቂውም። ያዋጣኛል ወይ፣ ከየት ልጀምር ነው ጥያቄሽ።

ያዋጣሻል፣ የእያንዳንዱን ዕቃ ማንነት እስካወቅሽ ድረስ። የምን እንደሆነ ያልታወቀ ዲናሞ ብረት ነው፤ በኪሎ ቢመዘን አይገርምም። የየትኛው መኪና እንደሆነና ስንት ቮልት እንደሆነ የተጻፈበትን ዲናሞ ግን ሰው ከጅማ ድረስ ደውሎ ይፈልገዋል። ስለዚህ ለጊዜው ቁራሌውን "ቆይ" በይው፤ ዕቃው ሠላሳ ዓመት ተቀምጧል፣ አንድ ወር ቢጨምር ምንም አይሆንም።

እኔ አሁን ደሴ ነኝ፤ ሙያውን የለመድኩት ግን እዚያው እናንተ ጋ ነው፣ የአሰብ መኪና በሚመላለስበት ዘመን። ከአሰብ የሚነሳ የጭነት መኪና በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባ ነበር። ኤንትሬው (የፊያት የጭነት መኪና) ሌሊት ይደርሳል፣ ባሌስትራው ይቀየራል፣ ፍሬኑ ይታያል፣ ጠዋት ወደ መሀል አገር ይነሳል። ሹፌር ቆሞ ዕቃ የሚጠብቅበት ጊዜ ስለሌለው ደህና ጋራዥ ሁሉ የራሱ መጋዘን ነበረው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፣ መኪናው ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ቀረ። አባትሽ ቁርጥራጭ ሲያከማቹ የኖሩ አይምሰልሽ። ያ መጋዘን በዚያን ጊዜ የጋራዡ ጉልበት ነበር።

አሁን የራሴን ስህተት ልንገርሽ፣ ከሁሉ በላይ የሚጠቅምሽ እሱ ነው። በቴሌግራም መሸጥ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ቮላኖ (ከሞተሩ ጀርባ የሚዞረው ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ፎቶ አንስቼ "የ1960 ቮልስ ቮላኖ፣ ያገለገለ፣ ንጹሕ" ብዬ ለጠፍኩ። መኪናው የነበረው ሰው "በስድሳ ዓመተ ምሕረት አዲስ ሆኖ የተገዛ ነው" ስላለኝ ነው እንደዚያ የጻፍኩት። አዲስ አበባ ያለ ደንበኛ ገንዘቡን ወዲያው ላከ፣ እኔም በአውቶብስ ጫንኩለት። በሦስተኛው ቀን ደወለና "ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ከሞተሪኖዬ ጋር አልገናኝ አለ" አለኝ። ሞተሪኖ ሞተሩን የሚያስነሳው ነው፣ ጥርሱ ከቮላኖው ጥርስ ጋር መግጠም አለበት። ለካ የሱ ሊብሬ ላይ ያለው 1960 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የኔው 1960 በኛ አቆጣጠር ነበር፣ በፈረንጅ 1967 ወይም 68 ማለት ነው። በነዚያ ዓመታት መካከል ቮልስ ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ተሸጋግሯል፤ የ6 ቮልቱ ቮላኖ 109 ጥርስ፣ የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ አለው። ገንዘቡንም የማጓጓዣውንም መለስኩለት። ሞተሩ ወርዶ መሬት ላይ ሲጠብቀኝ ለነበረው ጊዜ ግን የምመልስለት ነገር አልነበረኝም፤ እስካሁን ትዝ ባለኝ ቁጥር ያሳዝነኛል።

ከዚያ ወዲህ ዓመት ብቻ ጽፌ ዕቃ ለጥፌ አላውቅም። ዓመት ስትጽፊ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግለጪ። ደግሞ ለውጡ በሁሉም ሞዴል ላይ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፣ ስለዚህ በዓመቱ ከመተማመን የሚቆጠረውን ቁጠሪ፣ የሚለካውን ለኪ። ቮላኖ ካገኘሽ አንዱ ጥርስ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጊና ዙሪያውን ቁጠሪ። ቸርኬ ካገኘሽ የብሎን ቀዳዳውን ቁጠሪ፤ የቆዩት ቮልሶች አምስት ናቸው፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ያሉት በአብዛኛው አራት። ፒስተን ካገኘሽ በካሊፐር ስፋቱን ለኪ፦ 77 ሚሊሜትር የ1200 ወይም የ1300 ሞተር ነው፣ 83 የ1500፣ 85.5 የ1600። ሲሊንደሩ ተቦርቡሮ ከነበረ በግማሽ ወይም በአንድ ሚሊሜትር ሊያልፍ ይችላል፣ እሱንም እንዳገኘሽው ጻፊው። ካርቡራተሩ "ሶሌክስ" የሚል ከሆነ አጠገቡ 28፣ 30 ወይም 34 የሚል ቁጥር አለ፤ እሱ በፎቶው ላይ በግልጽ መታየት አለበት።

በኦሪጅናል የቮልስ ዕቃ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሦስት በሦስት የተከፈለ ዘጠኝ አሃዝ ተመትቶ ታገኛለሽ። የመጀመሪያው ሦስት አሃዝ ዕቃው በመጀመሪያ የተሠራለትን መኪና ይናገራል፦ 111 ወይም 113 ሲል የተለመደችው ቮልስ ናት፣ 211 ሲል ኮምቢዋ ናት። የመካከለኛው ሦስት አሃዝ መነሻ የዕቃውን ቦታ ይነግርሻል፦ 1 ሞተር፣ 2 ነዳጅና ጭስ ማውጫ፣ 3 ካምቢዮ፣ 4 የፊት እግር፣ 5 የኋላ እግር፣ 6 ጎማና ፍሬን፣ 7 ፔዳልና ማንሻ፣ 8 ቦዲ፣ 9 ኤሌክትሪክ። ሙያውን ሳታውቂ እንኳ በዚህ ብቻ የቮልሱን ዕቃ በዘጠኝ ክምር መክፈል ትችያለሽ። ብሩሽና ነጭ ጋዝ ይዘሽ ቅባቱን ጥረጊው፣ ቁጥሩ ከሥሩ ይወጣል።

112 የሚል ካገኘሽ ደግሞ እንዳትጥዪው፣ መሪው በቀኝ ለሆነ መኪና የተሠራ ነው። አገራችን እስከ 1956 ዓ.ም. መንገዱን በግራ ይዛ ነበር የምትነዳው፣ ያኔ ነው ወደ ቀኝ የዞርነው፤ ስለዚህ መሪያቸው በቀኝ የሆነ መኪኖችና ዕቃዎቻቸው በየጓዳው ይገኛሉ። ኤንትሬውም መሪው በቀኝ ነበር። መሪ፣ ፔዳልና የፊት መብራት ስትለጥፊ የየትኛው ወገን እንደሆነ መጻፍ አትርሺ።

የፊያት ዕቃ ላይ አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅሽ፤ ደላላ ሁሉ "የፊያት 124 እና የላዳ ዕቃ አንድ ነው" ይልሻል። ላዳ የተወለደችው ከ124 መሆኑ እውነት ነው። ሩሲያኖቹ ግን ሞተሩን ቀይረውታል፣ ካምሻፍቱ ቴስታታው ላይ ወጥቷል፤ የኋላውንም ፍሬን ከዲስክ ወደ ታምቡር አድርገውታል። የ124ን የሞተር ዕቃ ለላዳ ባለቤት ከሸጥሽ ተመልሶ ይመጣብሻል። ሰይቼንቶ (ፊያት 600) ከሆነ ደግሞ የሞተሩን መጠን ጠይቂ፤ የመጀመሪያው 633 ሲሲ ነው፣ ዲ የሚባለው 767።

ማግኔትም ያዢ። የላንድሮቨር የውጭ ላሜራ በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፣ የቮልስ ሞተር ቤት ደግሞ ማግኒዚየም ያለበት ቀላል ቅይጥ ነው። ማግኔት የማይዘውን ሁሉ ለብቻው አስቀምጪ፤ ቁራሌው "ብረት" ብሎ በአንድ ዋጋ የጠራልሽ እሱንም ጨምሮ ነው።

አሁን ስለ ጤናሽ። የድሮ የፍሬን ሸራና የፍሪሲዮን ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። በኮምፕሬሰር አትንፊው፣ በደረቁ አትጥረጊው፣ ልጆችም አጠገቡ አይቀመጡ። በውሃ አርጥበሽ በፌስታል ቋጥሪው፣ ለሽያጭም አታውጪው። ያገለገለ የፍሬን ቱቦና የፍሬን ጎሚኒ አትሽጪ፣ ሰው ቢለምንሽም እንኳ። ላስቲክ ሳይሠራም ያረጃል፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ያደርቀዋል። ያን ቱቦ ገጥሞ ሐረጎን የሚወርድ ሰው አለ፤ ያንን ቁልቁለት አንቺም ታውቂዋለሽ።

ኒኬል ያለውን ዕቃ፣ ማለትም ፓራውልት (የፊትና የኋላ መከላከያ)፣ የበር እጀታ፣ የመብራት ቀለበት፣ በሽቦ ብሩሽ እንዳትነኪው። ቀለምም አትቀቢ። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ዕቃ ሲያይ ገዢ "ምን ሸፍና ነው?" ነው የሚለው፣ ልክም ነው። ዝገቱን እንዳለ አሳይው። ፎቶውን ጠዋት በር ላይ፣ ንጹሕ ማዳበሪያ አንጥፈሽ አንሺ፤ ከፊት፣ ከጀርባ፣ ቁጥሩን ቀርበሽ፣ ጉዳቱን ቀርበሽ፣ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጠሽ። ስምሽንና ቀኑን በብጣሽ ወረቀት ጽፈሽ ዕቃው ላይ አኑሪ፣ ምክንያቱም የሌላ ሰው ፎቶ ሰርቀው ቀብድ የሚበሉ አሉ። ቁጥሩ ያለበትን ፎቶ በቴሌግራም ስትልኪ በፋይል ላኪው፤ እንደ ተራ ፎቶ ከላክሽው ጥራቱን ይቀንሰዋል፣ ቁጥሩ አይነበብም።

ጽሑፉ ላይ ጉድለቱን አስቀድሚ። እኔ አሁን እንዲህ ነው የምጽፈው፦ "የቮልስ ዲናሞ፣ ቦሽ፣ 6 ቮልት፣ ቁጥሩ ፎቶው ላይ አለ። ሲሽከረከር ይንጫጫል፣ ኩሽኔታ ይፈልጋል። ኃይል መስጠቱ አልተሞከረም።" እንደዚህ ስጽፍ የሚደውለው ሰው ቁጥሩ አነስ ይላል፣ የደወለው ግን ይገዛል። "ምንም አይልም" ብዬ በጻፍኩበት ጊዜ ሃያ ሰው ደውሎ አንድም አይገዛም ነበር።

ዋጋ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። ቮልስ ብራዚል እስከ 1996፣ ሜክሲኮ ደግሞ እስከ 2003 (እ.ኤ.አ.) ስትሠራ ስለነበር የሞተር ዕቃዋ ዛሬም አዲስ ይመረታል። ስለዚህ ጓርኒሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፒስተን የመሳሰለውን ከመተመንሽ በፊት ሶማሌ ተራ አዲሱ ስንት እንደሆነ አስጠይቂ፤ ያገለገለው ከዚያ በደንብ ዝቅ ማለት አለበት። ውድ የሚሆነው ማንም የማይሠራው ጥቃቅን ነው፦ የዘመኑ የቸርኬ ክዳን፣ የድሮ ኪሎሜትር፣ እንደ ክንፍ ከጎን ብድግ የሚለው ፍሬቻ። ቮልስ ያንን ፍሬቻ እስከ 1960 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ትገጥም ነበር። በነገራችን ላይ "ፍሬቻ" በጣሊያንኛ ቀስት ማለት ነው፤ ያንን ብድግ ሲል ካየሽው ስሙ ለምን እንደሆነ ይገባሻል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ከአባትሽ መሳቢያ ካገኘሽ ለመጀመሪያ ጠያቂ አትስጪ፣ አንድ ሳምንት አቆይው።

ፈላጊውም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደው፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተባለ። ያለችኝን ቮልስ አድሼ መያዝ እፈልጋለሁ የሚል ሰው እኔ ጋ መደወል ያበዛው ከዚያ በኋላ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ አጭር ነው፦ የክፍያ ፎቶ አይቶ ዕቃ መልቀቅ የለም። በቴሌብርም ይሁን በባንክ፣ የራስሽን ሂሳብ ከፍተሽ ገንዘቡ መግባቱን ስታዪ ብቻ ጫኚ። ከመጫንሽ በፊት ዕቃው ላይ ለዓይን በማይታይ ቦታ በመርፌ ምልክት አድርጊ፤ "አልሆነኝም" ብሎ የራሱን የተበላሸ የሚመልስ ሰው አጋጥሞኛል። ሞተርና ካምቢዮ ከሆነ ዘይቱን አፍስሺ፣ ሳልባትዮ (የነዳጅ ታንከር) ከሆነ ነዳጁን አውጥተሽ ክዳኑን ከፍተሽ ጥቂት ቀን አናፍሺው፣ ያለዚያ አውቶብስ ላይ መጫን አደጋ ነው። ፓራብሬዛ ግን በአውቶብስ አልልክም፤ ገዢው ራሱ መጥቶ ይውሰድ።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ በፊት፦ ወንድም እህት ካለሽ መሸጥ ሳትጀምሪ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩና ተፈራረሙ። ዕቃው ሲበዛና ገንዘቡ በጥቂት በጥቂቱ ሲገባ ሒሳቡ ይጠፋል፣ ቅሬታ ይመጣል። ደብተር ያዢ፤ የተሸጠው ዕቃ፣ ቀኑ፣ ብሩ። የአባትሽም ደብተር ካለ ፈልጊው። የድሮ መካኒኮች የማንን መኪና መቼ እንደፈቱ ይጽፉ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ የዕቃውን ምንጭም፣ ዛሬም መኪናውን የያዘ ደንበኛም ልታገኚ ትችያለሽ።

ነገ በቮላኖዎቹ ጀምሪ። በላክሽው ፎቶ ላይ ሦስት ተደራርበው አይቻለሁ፣ የታችኛው ትንሽ ጠበብ ያለ ይመስላል። ጥርሳቸውን ቁጠሪና እዚሁ ጻፊልኝ። የዚያኛው 109 ከሆነ፣ የ6 ቮልት ቮላኖ የሚፈልግ ደሴ ሆጤ አካባቢ ያለ ሰው ስልኩን ትቶልኛል፤ አገናኛችኋለሁ፣ ኮሚሽን አልፈልግም። ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ እናትሽ ከፈቀዱ ካሊፐሬን ይዤ መጥቼ ግማሽ ቀን አብረን እንለያለን።