ፖስተሩን ተዉት፣ ሚዛኑን አስቀድሙ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የሰፈራችሁ ሴቶች ተሰባስባችሁ ትንሽ ሱቅ ልትከፍቱ ነው። ሰዉ ዕቃ እየገዛ ስለ አካባቢውና ስለ ጎረቤቱ እንዲያስብም ትፈልጋላችሁ። «ምን እንለጥፍ? ምን ዓይነት ስልጠና እንስጥ?» ብለሻል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የእድር ሴቶች ባቋቋሙት እንዲህ ባለ ሱቅ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ለጊዜው ምንም አትለጥፉ። ሱቅ የሚመጣ ሰው ቸኩሎ ነው የሚመጣው። ወጡ እሳት ላይ ነው፣ ጨው አልቋል፣ ልጅ ያለቅሳል። ግድግዳ ቆሞ አያነብም። ባንኮኒው ላይ የሚሆነውን ግን አንድም ሳይቀር ያያል። ዕቃው በምን ተለክቶ እንደሚሰጠው፣ ባዶ ዕቃ ይዞ ሲመጣ ምን እንደሚባል፣ ገንዘብ ሲያጥረው እንዴት እንደሚስተናገድ። የሰፈራችን ሰው የተማረው ከዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት ሱቁ ሱቅ ይሁን። ጨው፣ ክብሪት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሻማ አይጥፋበት። ለአካባቢ ተስማሚ የተባለ ውድ ዕቃ ብቻ የደረደረ ሱቅ እንግዳ ይጎበኘዋል እንጂ የሰፈር ሰው አይገዛበትም። እናንተ የምትፈልጉት በቀን ሁለት ሦስቴ ብቅ የምትለዋን እናት ነው። እሷ ካልመጣች የምታስተምሩት ሰው የለም።

እኛ የጀመርነው በላርጎ ነው። ፈሳሽ ሳሙና የሚሠሩ ትንንሽ አምራቾች በየክፍለ ከተማው ሞልተዋል። ከነሱ በትልቅ ጀሪካን እንረከባለን፤ ደንበኛው የራሱን ዕቃ ይዞ ይመጣል፣ የሚፈልገውን ያህል ይቀዳለታል። ለጠርሙሱ ስለማይከፍል ዋጋው ይቀንስለታል። ማንም «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አላለንም። ስኳር በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ዘይት በመለኪያ ሲሸጥ ያየ ሰው ነዋ! ለስላሳ ስንገዛም «ጠርሙስ ይዘሻል?» ስንባል ነው ያደግነው። ነገሩ በሰዉ እጅ አለ፤ እናንተ መልሳችሁ አመቻቹለት።

አንድ ነገር አደራ። በረኪናን በውሃ ሃይላንድ አትቅዱ። ደንበኛው ቢቆጣም አትቅዱለት። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። እኛ ለበረኪና የራሱን የበረኪና ጠርሙስ ላላመጣ ሰው አንሸጥም፤ ምክንያቱንም እዚያው እንነግረዋለን። ስለ ልጆች ደኅንነት በሰፈራችን ከተወራው ሁሉ የተደመጠው ይህ ነው፤ የሚነገረው ልክ በሰዓቱ ነዋ።

ቀጥሎ ሚዛኑ። ሰው የራሱን ዕቃ ሲያመጣ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ክብደት ነው። አንዲት እማማ ሽሮ ሊገዙ የቆርቆሮ ጣሳ ይዘው መጡና «የጣሳዬን ክብደት በሽሮ ዋጋ ልታስከፍሉኝ ነው?» አሉ። ልክ ናቸው። ጣሳውን ባዶውን ፊታቸው መዘንን፤ ክብደቱን በማርከር ከሥሩ ጻፍንላቸው፤ ከዚያ ሽሮውን ጨምረን ልዩነቱን አሳየናቸው። ቁጥሩን ራሳቸው አነበቡ። ከዚያ ወዲህ ያ ጣሳ ከነቁጥሩ ይመላለሳል፤ ጎረቤቶቻቸውም ጣሳቸውን እያስመዘኑ ማጻፍ ጀመሩ። ሚዛናችሁን ወደ ደንበኛው አዙሩት። ከማናቸውም ንግግር በላይ ያሳምናል።

ወደ ፌስታል ልምጣ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠና በቀላሉ የማይበሰብሱ ፌስታሎች እንዲመረቱ ወይም ከውጭ እንዲገቡ ፈቃድ መስጠትን ከልክሎ ነበር። ፌስታሉ ግን ቀጠለ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌስታልን መሸጥና መጠቀም የሚከለክል፣ ቅጣትም ያለው አዋጅ አጸደቀ። ሰፈሩ ውስጥ ወሬው ቅጣቱ ብቻ ሆነ። እኛ ጋ ግን ዘንቢልና የጨርቅ ቦርሳ ቀድሞም ነበር። የሰፈር ልብስ ሰፊዎች ከሚተርፋቸው ቁርጥራጭ ይሰፉልናል፤ ገንዘቡም እዚያው ሰፈር ይቀራል። ቦርሳ ረስቶ ለመጣ ሰው እንደ ለስላሳ ጠርሙስ በማስያዣ እንሰጠዋለን፤ ሲመልስ ገንዘቡን ይወስዳል። መመለሱን የሚያስታውሱት ልጆች ናቸው፤ ማስያዣውን ለመቀበል ሮጠው ይመልሳሉ።

ቆሻሻው የት እንደሚሄድ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻ መጣያው ቆሼ ሲናድ ከመቶ በላይ ሰው አልቋል። እዚያ ዘመድ ወይም ወዳጅ ያጣ ሰው ሰፈራችሁ ውስጥም ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ ነገሩን ለማስፈራሪያ አትጠቀሙበት። ይልቅ ቆራሌውን አክብሩት። የኛ ቆራሌው በተወሰነ ቀን ይመጣል፤ ካርቶኑና ሃይላንዱ ተለይቶ በኬሻ ይቆየዋል፣ ውሃ ይጠጣል፣ በስሙ ይጠራል። ይህን ያዩ ደንበኞች ቤታቸው ያለውን ሃይላንድ ለይተው ማምጣት የጀመሩት ማንም ሳይነግራቸው ነው። «ለዩ፣ ለዩ» እያልን ብንጮህ ይህን ያህል አይሆንም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስልጠና እንስጥ ካላችሁ ደግሞ ቡና አፍሉ። ከምሬ ነው። እኛ ላቀች የሚባለውን ከሰል ቆጣቢ ምድጃ መሸጥ ስንጀምር ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ ከቆርቆሮው ምድጃ ዋጋው ይበልጣላ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ደጃፍ ሁለቱን ምድጃዎች ጎን ለጎን አስቀመጥን። እኩል ከሰል፣ እኩል ጀበና። ሴቶቹ ከበው ተቀመጡ። አቦሉ፣ ቶናው ወጣ። በረካው ላይ የቆርቆሮው ምድጃ ከሰል ሊጨመርበት ግድ ሆነ፤ ላቀቹ ገና ፍሙ ቀይ ነበር። ላቀች ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል ይባላል፤ ሴቶቹ ግን ፐርሰንቱን አልጠየቁም። አንዷ «በወር አንድ ማዳበሪያ ከሰል ከምገዛማ…» ብላ ስሌቷን ጀመረች፤ ወሬው ከዚያ ወደ ጫካው፣ ወደ ልጅነት አገሯ ዛፎች ሄደ። እኛ ዝም ብለን ቡና ቀዳን።

ስለ መረዳዳት ደግሞ የዱቤ ደብተሩን አትናቁት። የሱቃችሁ ጠባይ የሚታወቀው በሱ ነው። የኛ ሕግ አጭር ነው፤ ደብተሩ ሰው ፊት አይገለጥም፣ የማንም ዕዳ ጮክ ተብሎ አይነበብም፣ ልጅ ሲላክ ስለ ዱቤ አይጠየቅም። ለእናትየው ራሷ ስትመጣ በዝግታ ይነገራታል። አቅም ያለው ሰው ደግሞ የዳቦ ወይም የዘይት ሂሳብ ከፍሎ ይተዋል፤ ለማን እንደሚሰጥ ባለ ተራዋ ሻጭ ብቻ ታውቃለች። ፎቶ የለም፣ ምስጋና በይፋ የለም። ተቀባዩ ነገ ዘንቢሉን ይዞ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ቀና ብሎ መምጣት አለበት።

ሞዴስም ያዙ። ታጥቦ እንደገና የሚያገለግለውን ማለቴ ነው። በዚህ ረገድ የመቀሌዋ ፍሬወይኒ መብራህቱ ማርያም ሰባ በሚባለው ፋብሪካዋ ብዙ መንገድ ጠርጋለች፤ በፈረንጆቹ 2019 የሲ.ኤን.ኤን. የዓመቱ ጀግና የተባለችውም በዚሁ ሥራዋ ነው። የሷ ምርት በአግባቡ ከተያዘ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል። ለደሃ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው፣ ቆሻሻውም ይቀንሳል። ግን ሸጣችሁ አትተዉት። ልጃገረዶቹ እያፈሩ አልጋ ሥር ነው የሚያደርቁት። ፀሐይ ላይ መሰጣት አለበት። የኛ አንድ እናት «ከላዩ ነጠላ ጣል አድርጊበት፤ ፀሐዩ ያልፋል፣ ዓይን አያልፍም» እያሉ ይመክሯቸዋል። እንዲህ ያለውን ነገር ለልጅ በልኩ የሚናገር ሰው ባንኮኒው ጋ አስቀምጡ። ወንድ ሻጭ ባለበት ሰዓት ልጆቹ አይጠይቁም፤ እሱንም አስቡበት።

ሁሉን በአንዴ አትጀምሩ። ላርጎና ሚዛኑ ይቅደሙ፤ ቦርሳው ይከተል። ምድጃውን ሰዉ ሲለምዳችሁ አምጡት። ዱቤውን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሕግ አውጡለት፤ ከተበላሸ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው። የሱቃችሁን ስፋትና ግቢው ውስጥ ቧንቧ መኖር አለመኖሩን ጻፊልኝ። ጀሪካኖቹን የት እንደምታቆሙና መቅጃውን እንዴት እንደምታጥቡ የሚወሰነው በዚያ ነው።