ሐምሌ 6 ቀን 1977 የት ነበርኩ?

ልጆቼ፣ በየዓመቱ መጨረሻ “የዓመቱ ትልልቅ ክስተቶች” እያላችሁ የምትሠሯቸውን አጫጭር ቪዲዮዎች አያለሁ። ደስ ይሉኛል። በቀደም የልጅ ልጄ አንዱን አሳየችኝ። ስለ ፈረንጆቹ 1985 ነው፤ በእኛ 1977። ጎርባቾቭ ሥልጣን ያዘ። የታይታኒክ ስብርባሪ ባሕር ውስጥ ተገኘ። የ17 ዓመቱ ቦሪስ ቤከር ዊምብልደንን አሸነፈ። ከዚያ የለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም መጣ፤ ዘፋኙ ፍሬዲ ሜርኩሪ በነጭ ካናቴራ ሕዝቡን ያስጨበጭባል።

“አያቴ፣ ይሄ እኮ ለእኛ ነበር። ያኔ አይተሽዋል?” አለችኝ።

አላየሁም። መኖሩንም የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

ላይቭ ኤይድ፣ በእኛ አገር ረሃብ ለተጎዱት ገንዘብ ለማሰባሰብ የተዘጋጀው የሙዚቃ ዝግጅት፣ የተካሄደው ሐምሌ 6 ቀን 1977፣ ቅዳሜ ነው። ለንደን ላይ ብቻ 72 ሺህ ያህል ሰው ስታዲየም ገብቷል፤ አሜሪካ ፊላደልፊያም እንደዚያው ሞልቶ ነበር። እኔ የ24 ዓመት ነርስ ነበርኩ፤ ኮረም መጠለያ ውስጥ። ሐምሌ ኮረም ላይ ጭቃ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ሥራዬ ክንድ መለካት ነበር። ጠባብ ጥብጣብ አለች፤ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ። የልጁ ክንድ ላይ፣ ከትከሻውና ከክርኑ መሃል ትጠመጠማለች። በዚያን ጊዜ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ቀዩ ላይ ያርፍ ነበር። ቀይ የሆነው ተጨማሪ ምግብ ያገኛል፤ እጁ ላይ የፕላስቲክ አምባር ይታሰርለታል። ቢጫ የሆነው ይመለሳል። አንድ ቀን አንዲት እናት ልጇን አቅፋ መጣች። ለካሁት፤ ቢጫ ነው፣ ለጥቂት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ “እህቴ፣ ትንሽ ጠበቅ አድርጊያት” አለችኝ።

ጠበቅ አደረግኳት። እስከ ዛሬ አይጸጽተኝም።

ዘፋኞቹን አመሰግናለሁ፤ ከልቤ ነው። ከተሰበሰበው ገንዘብ ወተትም ብርድ ልብስም ተገዝቷል፤ የዳነ ሰው አለ። ግን ከዚያ ቀደም ብሎ የወጣው የእንግሊዞቹ ዘፈን፣ ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። እሱ ያመኛል። ታኅሣሥ 29 ሌሊት እናቶች በድንኳን ውስጥ፣ የሚቀመስ ነገር ሳይኖራቸው፣ “እንኳን አደረሰሽ” ሲባባሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ደግሞ ዓለም ረሃቡን ያወቀው ጥቅምት 13 ቀን ነው፤ ጋዜጠኛው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን የቀረጹት ፊልም በቢቢሲ የታየ ዕለት። ወሎና ትግራይ ግን ከዚያ በፊት መርገፍ ጀምረው ነበር። መስከረም ላይ አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በትልቅ ድግስ ስታከብር፣ ሰው እህል ፍለጋ መንገድ ላይ ነበር። የሞተውን በትክክል የቆጠረ የለም። ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይባላል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስለ አንድ ዓመት ስትሠሩ፣ ኢንተርኔቱን ካገላበጣችሁ በኋላ ተነሡና ቤታችሁ ውስጥ ጠይቁ። በዚያው ዓመት 600 ሺህ ያህል ሰው ከሰሜን ወደ ጋምቤላ፣ መተከልና ኢሉባቦር በሰፈራ መወሰድ ጀመረ። በዚያው ዓመት 8 ሺህ ያህል ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን በኩል፣ በዘመቻ ሙሴ፣ እስራኤል ገቡ። መንገድ ላይ የቀሩም ብዙ ናቸው። ይህን ከምታነቡት መሃል የእነሱ ልጆችና የልጅ ልጆች አላችሁ።

ስትጠይቁ “ያኔ እንዴት ነበር?” አትበሉ። “በጣም ከባድ ነበር” ይሏችኋል፣ እዚያው ያልቃል። “ያን ቀን ምን ቀመሳችሁ? የት አደራችሁ? ማን አብሯችሁ ነበር?” በሉ። ቢያለቅሱ አትደንግጡ፤ ውሃ አቅርቡና ጠብቁ። ግን ቶሎ በሉ። አብረውኝ ከሠሩት ነርሶች ዛሬ ያለነው ሁለት ብቻ ነን።

የልጅ ልጄ ይህን ስነግራት ቪዲዮውን ዘጋችው። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አቁማ መቅዳት ጀመረች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ጥብጣቧ ነው፤ ስፋቷ ምን ያህል ነበር ብላ።

አውራ ጣቴን ዘርግቼ አሳየኋት።