ፍሬን የተያዘበት ኮሜት ለምን ቀድሞ ይደርሳል?

ጥያቄ፦ ጅራታም ኮከብ መቼ እንደሚመለስ በስሌት ይታወቃል ይባላል። ታዲያ አንዳንዱ ቀድሞ መጣ፣ አንዳንዱ ዘገየ ሲሉ እሰማለሁ። ስበት እኮ ሰዓት አያዛባም! ደግሞ የፀሐይ ሙቀት አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር የጠፈር ድንጋይ) ይገፋል የሚሉት ነገርማ ጭራሽ አልዋጥልህ አለኝ። እስኪ አስረዱኝ።
ወንድማችሁ ከአዳማ

መልስ፦ ስበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበርክ። ግን ኮሜት (ጅራታም ኮከብ ያልከው) ማለት በረዶና አቧራ አንድ ላይ የተቦካበት ጓል ነው። ፀሐይ ሲጠጋ በረዶው ውሃ እንኳ ሳይሆን በቀጥታ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ፊኛ ነፍተህ አፉን ሳታስር ልቀቀው፤ አየሩ በአንድ በኩል ሲወጣ ፊኛው በሌላ በኩል ይፈተለካል። ኮሜቱም እንደዛው ነው፣ በጣም በትንሹ።

ጉዳዩን ያጋለጠው ኤንኬ የሚባለው ኮሜት ነው። በ3.3 ዓመት አንዴ ፀሐይን ይዞራል። ጀርመናዊው ዮሃን ኤንኬ በ1819 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ምህዋሩን አስልቶ ሲከታተለው፣ በየዙሩ 2 ሰዓት ተኩል ያህል ቀድሞ ይደርሳል። እሱ ጠፈር ውስጥ የሚጎትተው ስስ ነገር ያለ መስሎት ነበር። ጋዙ መሆኑን በደንብ ያስረዳው አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ሰው ፍሬድ ዊፕል ነው፣ በ1950።

አሁን ብዙ ሰው የሚምታታበት ጋ ደረስን። ኤንኬ ቀድሞ የሚመጣው ጋዙ ከኋላ ስለገፋው አይደለም፤ ፍሬን ስለያዘበት ነው! ፍጥነት ሲቀነስበት ወደ ፀሐይ ጠጋ ይላል፣ ዙሩ ያጥራል፣ ያጠረ ዙር ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ሩጫ ሜዳ ላይ ከውጭኛው መስመር ወደ ውስጠኛው የገባ ሯጭ በለው። ሃሌይ የሚባለው ኮሜት ግልባጩ ነው፦ ጋዙ ወደፊት ስለሚገፋው በየዙሩ 4 ቀን ገደማ ይዘገያል።

አስትሮይድስ? ጋዝ የለውም ማለት ይቻላል፣ ሙቀት ግን አለው። ፀሐይ ላይ የዋለ ድንጋይ ቀን 6 ሰዓት ላይ ንካው፣ 8 ሰዓት ላይ ደግሞ ድገመው፤ የኋለኛው ነው ይበልጥ የሚያቃጥለው። አስትሮይድም እየተሽከረከረ ስለሚሄድ ከሰዓት በኋላ ያለው ጎኑ ከሌላው ይበልጥ ይግላል፣ ከዚያ ጎን የሚወጣው ሙቀት ደግሞ ሲለቀው በትንሹ ይገፋዋል። ሐሳቡን በ1900 አካባቢ ያመጣው ኢቫን ያርኮቭስኪ የሩሲያ ባቡር መሐንዲስ እንጂ የሥነ ፈለክ ሰው አልነበረም። ጽሑፉ ተረስቶ ቀርቶ ነበር፤ ኤርንስት ኦፒክ የሚባል ኢስቶኒያዊ ከብዙ ዓመት በፊት ያነበበውን አስታውሶ በ1951 ባያነሳው ኖሮ።

ማስረጃ ከፈለግክ ቤኑ የሚባል አስትሮይድ አለልህ። ወርዱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 73 ሚሊዮን ቶን ያህል። ሽክርክሪቱ ፀሐይን ከሚዞርበት አቅጣጫ ተቃራኒ ስለሆነ የጋለው ጎኑ ከፊት ይውላል፣ ስለዚህ ሙቀቱ ፍሬን ይሆንበታል። ምህዋሩ በዓመት 284 ሜትር ወደ ፀሐይ ይጠጋል። ምን አላት 284 ሜትር እንዳትል! እያንዳንዱ ዙር ትንሽ ትንሽ ስለሚያጥር ልዩነቱ ይጠራቀማል፤ ከ1999 እስከ 2011 በራዳር ሲለካ፣ በስበት ብቻ ቢሄድ ይገኝ ከነበረበት ቦታ 160 ኪሎ ሜትር ርቆ ተገኘ።

ተመራማሪዎቹ ለዚች ግፊት እንዲህ የሚጨነቁት ወደው አይደለም። ቤኑ መስከረም 24 ቀን 2182 (ይሄም የፈረንጅ ነው) ምድርን የመምታት ዕድሉ ከ2,700 አንድ ነው ብለዋል፣ ይህንን ቁጥር ያገኙት ደግሞ የሙቀቱን ግፊት ስሌቱ ውስጥ አስገብተው ነው።